የልሳን ነገር

ሄርሜላ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷ የተማረችውን ሁሉ ወደደችው። ችግሯም ይኸው ነበር።

ሳይኮሎጂ ስትጀምር ቤተሰቡን መመርመር ያዘች። ታላቅ ወንድሟ ያዕቆብ ቁርስ ላይ ዝም ካለ «የታፈነ ስሜት አለብህ» ትለዋለች፤ «እንቅልፍ ነው» ይላታል። ጂኦግራፊ ላይ እንጦጦ የእሳተ ገሞራ ሥራ መሆኑን ለእናቷ አበሰረች። ወይዘሮ ሙሉእመቤት አማተቡና «ማርያም ያለችበት ጋራ?» አሉ። ሎጂክ የመጣ ሰሞን ደግሞ እቤት ውስጥ እርግማንም ምርቃትም ያለ ማስረጃ አላልፍ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮ ስንት ሰው ሆነሽ ልትጨርሺ ነው?» ይሏታል እናቷ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። ልጃቸው አካውንቲንግ አጥንታ ባንክ እንደምትገባ ለማኅበራቸው ሴቶች ከተናገሩ ቆይተዋል። ሴቶቹም ነገሩን አላዘገዩትም፤ በእነሱ ዘንድ ሄርሜላ ከተቀጠረች ሰንብታለች፣ እንዲያውም እድገት አግኝታለች።

የዲፓርትመንት ምርጫ አርብ ይዘጋል። አንዴ ከተመደቡ መቀየር ጭንቅ ነው። ሄርሜላ ስለ ቋንቋ የሚያጠናውን ሥነ ልሳንን ከሁሉ አብልጣ ወዳዋለች። ግን ይሄኛውም እንደ ሌሎቹ ሰሞነኛ ይሆን? እሱን አላወቀችም። ለእሱ ብላ የእናቷን ፊት ማጥቆር ደግሞ ከበዳት። ሐሙስ ከሰዓት ሱቅ ሄደች።

«እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። እንዳትቆጪ።»

«ወንድ ነው?»

«ኧረ አይደለም! እ... ማለቴ... ልሳን ልገባ ነው።»

ተማሪዎቹ ዲፓርትመንቱን በአጭሩ እንዲህ ነው የሚጠሩት። ሽሮ ሜዳ ግን ይህን አልሰማም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት የሚያጥፉት ነጠላ እጃቸው ላይ ቀረ። ከጎን ሱቅ ደግሞ እትዬ ደሳለች ብቅ አሉ።

«ሃሌ ሉያ! እኔኮ በዚች ልጅ ላይ አንድ ነገር እንዳለ አውቄዋለሁ!»

እትዬ ደሳለች ጴንጤ ናቸው። በእሳቸው ቸርች ልሳን ማለት አንድ ሰው በመንፈስ ሲሞላ የሚናገረው፣ ከምድር ቋንቋ የማይገጥም ንግግር ነው። ወይዘሮ ሙሉእመቤትም ያን ልሳን ያውቁታል፤ ከሩቁ፣ እሑድ እሑድ፣ በስፒከር።

«ደሳለች! ልጄን ወሰድሻት!»

«እኔ? እኔ ማን ነኝና? የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው እንጂ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ጎኔ ቁጭ ብለሽ ይሄን ነው የምትጠነስሺው?»

እጃቸውን ሰድደው የልጃቸውን አንገት ዳሰሱ። ማተቡ አለ።

«እማዬ፣ ትምህርት ነው እኮ! በዩኒቨርሲቲ!»

«ደግሞ ትምህርት ቤትም ተከፈተለት?»

«በትምህርትማ አይሆንም፣» አሉ እትዬ ደሳለች ኮስተር ብለው። «ስጦታ ነው።»

«አየሽ? እሷ እንኳን አይሆንም አለች!»

ሄርሜላ በዚህ ጊዜ ማስረዳት ነበረባት። የተዘጋጀችበት ንግግርም ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ ደሳለች፣ ቆይ፣ 'በልሳን ጸለየ' ነው የምትሉት? 'በአማርኛ ጸለየ' እንደምንለው?»

«አዎና። በልሳን።»

«አንቺስ እማዬ? ልሳን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልሽ ምንድን ነው?»

«ልሳነ ግእዝ ነዋ! ሌላ ልሳን አላውቅም።»

«ግን አሁን ስትደነግጪ የመጣልሽ የእሳቸው ነው።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት አሰቡ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ፣ ሳይወዱ።

«አንድ ቃል ነው፣ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን አንቺ ሰማሽና ደነገጥሽ፣ እሳቸው ሰሙና ደስ አላቸው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ማለቴ ነበር። ይሄ ነው እንግዲህ። ይሄንን ነው የሚያስተምሩት።»

«ይሄንን?» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት። «እኔና ደሳለች ስንጣላ?»

«በቃ እሱን ነው።»

«ማተብ አያስፈታም?»

«አያስፈታም።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ትንፋሻቸው ተመለሰ። ልጃቸውን ሊያጡ ነበር፤ አሁን ያጡት አካውንቲንግን ብቻ ነው። ነጠላውን አጥፈው ጨረሱና «እንግዲያው ተማሪው» አሉ።

እትዬ ደሳለች ግን አልተዋጠላቸውም። «ቃሉ የእኛ ነው» አሉ።

«የማን ነው ያልሽው? የግእዝ ነው እንጂ!»

አንዲት ገበያተኛ ጋቢ ይዛ ዋጋ ብትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ። ሄርሜላ ስልኳን አውጥታ አንደኛ ምርጫ ላይ ሥነ ልሳንን ሞላች፤ ግማሽ ጆሮዋ ክርክሩ ላይ ነበር፣ አንድም ቃል እንዳያመልጣት።