የማንገቻው ጭራ

«ነይ እስቲ፣ አንገትሽን!» አሉ አባ ጥርጥር።

ጠባቂዋ አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ አሳርፋ ነበር። ወልዳ ወደ ሥራ የተመለሰችው በዚያው ሳምንት ነው፤ በዚያ ላይ አርፍዳለች። ሥራዋ ከጫካው በላይ ከቆመው ማማ ላይ ወጥቶ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር፣ በባይኖኩላር፣ የእሳት ጭስ መፈለግ ነው። አባ ጥርጥር ደግሞ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ቅጽል ስማቸው በከንቱ አልወጣላቸውም፤ የባይኖኩላሩን ማንገቻ ሳያስጎትት ማማው ላይ የሚወጣ የለም። «ሰው የራሱን ሲጎትት እያባበለ ነው» ይላሉ።

ጎተቱት። ማንገቻው ከዘለበቱ ሾልኮ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ይኸው!»

«እንዲህ ከተጎተተማ የመኪና መጎተቻ ገመድም አይተርፍም!» አለች ፊቷን ቅጭም አድርጋ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አላጣችውም። ትናንት ልጇ ወተት ስላስመለሰችበት ማንገቻውን ፈትታ አጥባው ነበር። ጠዋት እየተጣደፈች ስትመልሰው ጭራውን በዘለበቱ አንዴ ብቻ አሳልፋ ተወችው።

አባ ጥርጥር ማማው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። ጭራውን አሳልፋ፣ መልሳ ከሥር አስገብታ፣ እስኪጠብቅ እንድትስበው አደረጓት፤ በግራም በቀኝም። ጎተቱት። ደግመው ጎተቱት። «በይ ሂጂ።»

«እኚህ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት የገዛ ጥርሳቸውንም ሳይጎትቱ አይቀሩም» እያለች እያጉረመረመች ወጣች።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ሕፃኗን ለማስጠባት ይዘዋት መጡ። የልጅ ለቅሶ ከታች ሲሰማ ጡቷ ውጥር አለ። ተተኪው እስኪመጣ መጠበቅ አቃታት። ባይኖኩላሩን ለቀቀችና በብረት መደገፊያው ላይ በሆዷ ተጋድማ ቁልቁል አየች። ባይኖኩላሩ ከደረቷ ተንሸራቶ ከብረቱ ውጭ ወደቀና አንገቷን ወደ ታች መነጨቃት። ኪሎ ከምናምን የሚመዝነው ዕቃ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ልክ ከሥሩ፣ ሦስት ፎቅ ያህል ዝቅ ብሎ፣ አማቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን ከልጅቷ ፊት ላይ እየገለጡ ነው።

ማንገቻው አልሾለከም።

ስባ አወጣችው። ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ዘለበቱን በሁለት እጇ ጨብጣ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች።

የምሳ ተተኪው መጥቶ ስትወርድ አማቷ ደነገጡ። «ምነው ልጄ? ፊትሽ አመድ መሰለ!»

ልጇን ተቀብላ አጠባቻት፤ እንባዋ ትንሿ ኮፍያ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የሆነውን ስትነግራቸው አማቷ ቀና ብለው ማማውን አዩ። ከዚያ አግዳሚውን እየጎተቱ ዛፉ ሥር ወሰዱት።

ልጅቷን እንዳቀፈች፣ አማቷን አስከትላ፣ ዕቃ ቤት ገባች። ልጇንም ለአባ ጥርጥር አስታቀፈቻቸው።

«ይያዟት። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ልጅ የለኝም።» ሁሉንም ነገረቻቸው። «ጠዋትም ሰድቤዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ልጅቷን ደረታቸው ላይ አስጠግተው አቀፏት። ከዚያ «ምን ብለሽ ሰደብሽኝ?» አሉ።

የጥርሱን ስትነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና በዚያው እጅ የሕፃኗን የኮፍያ ማሰሪያ ጎተት አደረጉት። ወዲያው ተፈታ።

«የማን ቋጠሮ ነው ይሄ?»

አማቷ እንዳልሰማ ሰው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

በማግስቱ ጠባቂዋ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። አባ ጥርጥር የዕቃ ቤቱን በር ገና ሲከፍቱ ፊታቸው ቆማ አንገቷን ዝቅ አደረገችላቸው።

«ይጎትቱት አባቴ» አለች። «እንዳያባብሉት።»