ከምድጃው ኋላ ያለው ግድግዳ

ሰዎቹ ፍርፋሪ ይሉት ነበር፤ በፊቱ አይደለም እንጂ። በፊቱ "ጌታው" ነው። ስሙ ያለምክንያት አልወጣለትም። ዳቦ ቤቱን ሲዘጋ መደርደሪያውን በብሩሽ ይጠርግና የወደቀችውን ፍርፋሪ ሁሉ በቆርቆሮ ይሰበስባል፤ በማግስቱ ከአዲሱ ሊጥ ጋር ትቦካለች። ይሄንን እንኳ ቁጠባ ነው ብለን እንለፈው። ያደረውን ዳቦ ለሰው ከሚሰጥ ድንጋይ እስኪሆን አቆይቶ፣ አስፈጭቶ መልሶ ይሸጠው እንደነበርስ ምን እንበለው? መንገደኛው የዳቦውን ሽታ በነጻ እየሳበ ማለፉ ራሱ ይቆጨው ነበር። ሽታ በወረቀት የሚጠቀለል ነገር ቢሆን ኖሮ ያንን ሰፈር በነጻ የሚያልፍ አፍንጫ አይገኝም ነበር።

ምድጃው ትልቅ ነው፤ በጡብ የተገነባ፣ ጀርባው ከዳቦ ቤቱ ኋላ ካለው ጠባብ መተላለፊያ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን። ቀኑን ሙሉ ሲነድ ስለሚውል እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ እስኪነጋ ግድግዳው ውስጥ ያድራል። ብርድ ሲገባ ታዲያ ቤት የሌላቸው ሰዎች ጀርባቸውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥተው፣ ተደጋግፈው ያድራሉ። ማንንም አይነኩም። ሲነጋ ካርቶናቸውን አጥፈው ይሄዳሉ።

ፍርፋሪን ግን እንቅልፍ ነሱት። መኝታ ቤቱ ከዳቦ ቤቱ በላይ ስለሆነ ሳላቸው ይሰማዋል። ማገዶ በተወደደ ቁጥር ደግሞ ሳሉ የሚጨምር ይመስለዋል።

"እንጨቱን የምገዛው እኔ፣ የሚሞቁት እነሱ" አለ አንድ ቀን ጠዋት። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።"

ሊጥ የምታቦካለት ሴት ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ክንዷ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ቀና አለች።

"ጌታው፣ እነሱ ቢሄዱ ሙቀቱ ተመልሶ እንጨት ይሆናል?"

"አንቺ ሊጥሽን አቡኪ።"

"እያቦካሁ ነው። አፌ አያቦካም።"

እሱ ግን ቆርጧል። ከግድግዳው ውጭ ሌላ ግድግዳ ያሠራል፤ በሁለቱ መሃል አመድ ይሞላል። ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፣ ማገዶ ይተርፋል፣ ሳሉም ይሄዳል።

ግንበኞች ሥራ የሚጠብቁበት አደባባይ ሄደ። ሥራው ምን እንደሆነ ሲሰሙ አንዱ ወገቤን ያመኛል አለ፤ ሌላው ድንገት ቀጠሮ ትዝ አለው። ማንም ነውር ነው አላለውም፣ ግን አንድም ሰው ከተቀመጠበት አልተነሳም። ፍርፋሪ ተናዶ ሊመለስ ሲል ከኋላው፣

"እኔ እሠራልሃለሁ" የሚል ድምፅ ሰማ።

ታላቅ ወንድሙ ነበር።

እዚህ ላይ ስለወንድምየው ትንሽ መናገር ግድ ነው። ያንን ምድጃ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ የሠራው እሱ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትንሹን ያሳደገውም እሱ ነው፤ በየግንባታው እያዞረ፣ ጡብ እያቀበለው፣ ከራሱ ድርሻ እየቆረሰ። ሥራም አስተምሮት ነበር። ትንሹ አውራ ጣቱን በር ቆርጦት ጫፏ ጠማማ ስለሆነች፣ በጡቦቹ መሃል ያለውን ሲሚንቶ በጣቱ ሲያስተካክል ሁልጊዜ ጠማማ መስመር ይተዋል። "ይሄ ፊርማህ ነው" ይለው ነበር ታላቁ እየሳቀ። አንድ ሌላ ነገርም ነግሮታል። ግንበኛ የሌላ ግንበኛን እጅ አያፈርስም፤ ተሳስቶ እንኳ ቢያገኘው ሠሪው ራሱ መጥቶ እስኪያፈርሰው ይጠብቃል። ወንድምየው ይሄን እንደ ሃይማኖት ነበር የሚይዘው።

ምድጃው የቆመ ዕለት ትንሹ ወንድሙን አቅፎ "ግማሹ ያንተ ነው ጋሽዬ" አለው። ዳቦው መሸጥ ሲጀምር ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ "ምን ወረቀት አለህ?" አለው። ወንድምየው አልተካሰሰም፣ ሽማግሌም አልላከም። መዶሻውንና ቱንቢውን በከረጢቱ ከትቶ ወጣ። እጀ አመድ አፋሽ ማለት እንግዲህ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሲሚንቶው አቧራ ደረቱን በላው፤ የሚያስል ግንበኛ ደግሞ ማንም አይቀጥርም።

አሁን አደባባዩ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ፍርፋሪ ጫማውን እያየ፣

"ስንት ትላለህ?" አለ።

"ገንዘብህን ያዘው። ሥራው ሲያልቅ አንድ ምሽት ምድጃው ፊት ቁጭ ብዬ ልሙቅ። በፊት ለፊት በኩል።"

"ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው።"

ፍርፋሪ ደስ አለው። እፍረት ቢጤም ሽው ብሎበት ነበር፤ ደስታው ቀደመው። "በፊት ለፊት በኩል" የሚል ሰው የኋላውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ አልገባውም ይሆን? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ሌሊት ሌሊት ከሚሰማው ሳል አንዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ግን በመስኮቱ ወጣ ብሎ የተኙትን ፊት አንድም ቀን አይቶ አያውቅም፤ ያላየውን ደግሞ አላውቅም ማለት ይቀላል።

ግድግዳው ተሠራ። ወንድምየው ጡብ እየደረደረ ያስላል፣ አፉን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ቱንቢውን ያወርዳል፣ ይቀጥላል። ሊጥ አቡኪዋ ውሃ ይዛለት ወጣች።

"ጋሼ፣ እዚህ እኮ የሚያድሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ምን ነካዎት?"

"ሌላ ሰው ከሚሠራው እኔ ብሠራው ይሻላል" አላት። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ሥራው ያለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፍርፋሪ ሊመረምር ወጣ። መዳፉን አዲሱ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር እያንሸራተተ ሄደ። ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ። ፊቱ ፈካ። መሃል ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ የተቀመጠ ሰው ጀርባ በሚደርስበት ቦታ ግን እጁ ቆመ። አንዲት ጡብ ትሞቃለች። ነቀነቃት፣ ተነቀነቀች። ሲሚንቶ አልነካትም። ሲያወጣት ከኋላዋ አመድ የለም፤ ሙቀቱ ከምድጃው ጀርባ በቀጥታ ፊቱ ላይ ተነፈሰበት።

"ሌባ!" አለ። ለአንዲት ጡብ ሙቀት።

ሲሚንቶ በጠብጦ፣ ቀዳዳውን አመድ ጠቅጥቆ፣ ጡቧን በራሱ እጅ ለሰናት። ስንት ዘመኑ ነው ካዞላ ካልያዘ! እጁ ግን አልረሳም። ዙሪያዋን በአውራ ጣቱ አስተካክሎ ሲጨርስ ትንሽ ኮራም።

ወንድምየው ሲመሽ ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን አራግፎ በፊት ለፊቱ በር መጣ። ብርዱ ያንን ቀን ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነበር። ከውስጥ የምድጃው ብርሃን ወለሉ ላይ ይታያል።

"መጣሁ" አለ፤ ለግብዣ እንደተጠራ ሰው ፈገግ ብሎ።

ፍርፋሪ በሩን በእግሩ ደግፎ፣ "ዛሬ አይመችም፤ ምድጃውን እየጠረግን ነው። ነገ" አለው። የሚጠርግ ሰው አልነበረም። ስለጡቧ እንዲጠይቀው ጠብቆ ነበር፤ ወንድምየው ግን ገና ወደ ኋላ አልዞረም ነበርና ምንም አያውቅም።

"ነገ?"

"ነገ አልኩህ እኮ።"

"እሺ ትንሹ። ነገ ይሁን።"

በሩ ተዘጋ።

ያንን ሌሊት ፍርፋሪ ሳል ሰማ። የአንድ ሰው ሳል ብቻ። ሌሎቹ ግድግዳው መቀዝቀዙን ሲያዩ ሌላ መጠለያ ፍለጋ ሄደዋል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ሳሉ ቆየና ቀነሰ፣ ቆየና ተወ። "ተገላገልኩ" አለና ተኛ። ይቺን ቃል ኋላ ላይ በራሱ አንደበት ነው የተናገራት፤ እኔ አልጨመርኩባትም።

ጎህ ሲቀድ ምድጃውን ሊያነድ ወረደ። ሊጥ አቡኪዋ ቀድማው መጥታ፣ በኋላው መተላለፊያ በኩል ስትጮህ ሰማት።

ወንድምየው ጀርባውን ለተደፈነችው ጡብ ሰጥቶ ተቀምጧል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። መዶሻውና መሮው ጭኑ ላይ ተጋድመዋል፤ አንድም ጊዜ አልመታባቸውም። ዓይኑ ግን ገና ያያል።

ፍርፋሪ አጠገቡ ተንበረከከ። "ጋሽዬ! ለምን አልሄድክም? ሌሎቹ ሄደው የለም እንዴ!"

"ነገ ብለኸኝ የለ?" አለ ወንድምየው። ድምፁ የሚወጣው በግድ ነው። "ሩቅ ብሄድ እንዳልመለስ ፈራሁ። አቅም የለኝም።"

"መዶሻ ይዘህ! አትሰብራትም ነበር?"

ወንድምየው እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሰደደና በጡቧ ዙሪያ ያለውን ጠማማ መስመር በጣቱ ዳበሰ።

"ያንተ እጅ ነው። በዳበሳ አወቅኩት።" እጁን ወደ ጭኑ መለሰ። "ጥሩ ደፍነኸዋል፣ ትንሹ። ምንም አያሳልፍም።"

ስድብ ቢሆን ኖሮ ፍርፋሪ በቻለው ነበር። ምስጋና ነበር። ልጅ ሆኖ የመጀመሪያዋን ጡብ ያቆመ ዕለት የሰማው ያው ምስጋና፣ በዚያው ድምፅ።

ሁለቱ ተሸክመው አስገቡት። ፍርፋሪ ምድጃውን እንደ እብድ ያነደው ጀመር፤ የቆጠበውን እንጨት፣ ለሳምንታት ያስቀመጠውን ደረቁን ማገዶ፣ በመጨረሻም የዳቦ መደርደሪያውን ሳንቃ። ወንድሙን በፊት ለፊት በኩል አስቀምጦ እግሩን ታቅፎ ያሻሸዋል። ደንበኞች መጥተው በሩን አንኳኩ፤ የሚከፍትላቸው አላገኙም።

"ያቺን ጡብ ለራሱ የተዋት እንዳይመስልዎት" አለች ሊጥ አቡኪዋ ከኋላው ቆማ። እያለቀሰች ነው፣ ቁጣዋም አብሯት ነው። "እሱ የሚያድረው ዳር ላይ ነበር። መሃሉ ሕፃን የታቀፈችዋ ሴት ቦታ ነው። ሌላ ግንበኛ ቢሠራው ጨርሶ ይዘጋዋል ብሎ ነው ሥራውን የተቀበለው።"

ፍርፋሪ ሌላ ሳንቃ እሳቱ ላይ ጨመረ። ወንድምየው እሳቱን ያያል። ፊቱ ላይ ትንሽ ቀለም የመጣ መሰለ፤ እነሱም ተስፋ አደረጉ። ሙቀት ግን ዘግይቶ ሲመጣ ሁልጊዜ አያድንም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ራሱን በትንሹ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ፤ ሊተኛ ነው ብለው ዝም አሉት። ሞቶ ነበር።

ከቀብር መልስ ፍርፋሪ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ የወንድሙን መዶሻ ይዞ ወደ ኋላ ወጣ። መጀመሪያ የራሱን ጡብ ነቀለ። ከዚያ ወንድሙ የሠራውን ግድግዳ ቆሞ አየው። የሌላ ግንበኛ እጅ አይፈርስም፤ ሠሪው ይጠበቃል። ይሄ ሠሪ ግን አይመጣም።

"ይቅር በለኝ ጋሽዬ" አለና መዶሻውን አነሳ።

እስኪመሽ አፈረሰ። አመዱ ፀጉሩን፣ ቅንድቡን፣ የሐዘን ልብሱን ሞላው። ሲጨርስ የድሮው ግድግዳ ብቅ አለ፤ ሲነኩት ይሞቃል።

ማንም ግን አልመጣም። ሰው የሞተበት ግድግዳ ነው፤ ደግሞ ከፍርፋሪ ደጅ ምን ደግ ነገር ይጠበቃል? ያደረውን ዳቦ በቅርጫት አውጥቶ አስቀመጠ፤ ሲነጋ ዳቦው እንዳለ ነው። መርዝ ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ተወርቷል። ሊጥ አቡኪዋ ይሄን ስትነግረው አልተቆጣም። "እውነታቸውን ነው" አለ። ያደረ ዳቦ መስጠቱንም ተወው፤ ከዚያ ወዲህ ከትኩሱ ነው የሚያወጣው። አልነኩትም።

ምሽት ምሽት ካርቶን አንጥፎ ግድግዳው ሥር፣ መሃል ላይ፣ ጡቧ በነበረችበት ቦታ ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ ጀመረ። ሰው ሲያይ ይቀርባል ብሎ ይሁን፣ ወይም ሌላ የሚቀመጥበት ስላጣ፣ እሱም አያውቀውም። አልጋው ላይ ሆኖ ከእንግዲህ እንቅልፍ የለም።

ብርዱ በበረታበት አንድ ምሽት የእግር ኮቴ ሰማ። ሕፃን በጨርቅ ጠቅልላ ያዘለች ሴት ነበረች። በዚያ ጨለማ ያየችው አንድ አመድ ያልተራገፈበት ልብስ የለበሰ፣ ካርቶን ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ማንነቱን አላወቀችም፤ እንደሷ ያለ ሰው መሰላት።

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ። ለልጁ ነው።"

ጋሼ ስትለው ቀና ብሎ አያት። ማነህ ብትለው ኖሮ ይነግራት ነበር። አልጠየቀችውም።

የሞቀውን ቦታ ለቀቀላትና ወደ ዳር ጠጋ አለ። ዳሩ ይቀዘቅዛል። እዚያው ተቀመጠ።