እቴቴ «አውርድ!» ስትል

ድሮን የማብረር ፈቃዱን ያገኘ ዕለት እናቱ «ካፒቴን» አለችው፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ፈተናውን አንዴ ወድቆ በሁለተኛው ያለፈው ግን «እቴቴ» በሚላት ታላቅ እህቱ ጉልበት ነው። የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ በመጣች ቁጥር የነፋሱን፣ የባትሪውን፣ የክልክል ቦታውን ጥያቄ እየደጋገመች አስጠናችው። ኋላም «ሰው ከምትቀጥር እኔ አለሁልህ» ብላ ታዛቢው ሆነች፤ እሱ ስክሪኑን ሲያይ እሷ ሰማዩንና መሬቱን ልታይ። አሠልጣኙ ሁለቱንም አጥብቆ መክሯቸው ነበር። «አንተ፣ አውርድ ከተባልክ ታወርዳለህ፤ ለምን ብለህ የምትጠይቀው ካረፈ በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ ጮክ በይ፤ ሹክሹክታ አደጋ አያስቆምም።»

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የአንድ ፋብሪካ ጣሪያ ፍተሻ ነበር። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ትርኢት አገኘን ብለው ድሮኑ ሥር ተሰበሰቡ። ነፋሱም ተነሳ።

«አውርድ!» ብላ ጮኸች እቴቴ።

ከሠራተኞቹ አንዱ «ካፒቴኑም አለቃ አለበት እንዴ!» ሲል ሳቅ በሳቅ ሆነ። የካፒቴን ፊት ፍም መሰለ። የቀረችው አንዲት የጣሪያ ጥግ ናት፤ ጨርሶ ቢወርድ ምን አለበት?

«ቆይ አንዴ!» አላት።

«አውርድ አልኩህ!»

አላወረደም። ነፋሱ ድሮኑን ከጭስ ማውጫው ጋር አላተመውና ቁልቁል ተምዘግዝጎ መጣ። እቴቴ ሮጣ አንዲት ሠራተኛ ገፍትራ አዳነች፤ የሚሽከረከረው ክንፍ ግን የራሷን ክንድ ተለተለው።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። «ምንድን ነው የተፈጠረው?»

ፈቃዴን ልነጠቅ ነው የሚል ፍርሃት ካፒቴንን ቀደመው። «ታዛቢዋ ዘግይታ ነው የነገረችኝ» አለ።

እቴቴ ክንዷን በሻርፗ እንደያዘች አየችው። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ፣ «አዎ፣ ዘግይቼ ነው» አለች።

ሠራተኞቹ ሁሉ ጩኸቷን ሰምተዋል፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም። ካፒቴን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ቤት ሲገቡ እቴቴ ለእናታቸው «መቀስ ነው የቆረጠኝ» አለቻት። እናቱ «ካፒቴኔ፣ ና ብላ» ስትለው ደግሞ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይቅርታ ሊላት ስንቴ አፉን ከፈተ፤ በከፈተ ቁጥር ግን ስለ ባትሪ አወራ።

ድሮኑ ተጠግኖ የቀረውን እንዲጨርስ ፋብሪካው ሲጠራው እቴቴ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ ቀድማው ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ከሠራተኞቹ ጋር ከዳር ቆሞ፣ «ዛሬስ በጊዜ ትነግሪዋለሽ?» ብሎ ቀለደባት። ድሮኑ ተነሳ።

«አውርድ!»

እጁ ሳያስብ ታዘዘ። ካሳረፈ በኋላ ዙሪያውን ቃኘ፤ ነፋስ የለም፣ ሥሩ የቆመ ሰው የለም።

«ምን አይተሽ ነው፣ እቴቴ?»

«ምንም። ትሰማኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «አሁንማ ነቅታለች!»

ካፒቴን መቆጣጠሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ የሰዎቹን ፊት ማየት አቃተው።

«ያን ቀንም በጊዜ ነግራኛለች» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን አልክ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እቴቴ ፊቷን እንኳ ወደ ወንድሟ ሳታዞር፣ «ጮክ በል» አለችው።