ቨርሊንን ያከሳሁት እኔ ነኝ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘባት፣ ምላሴ በጥር ብርድ ከጭነት መኪና ብረት ላይ ተጣብቆ ይቅር። እዚህ ሰሜን ዊስኮንሲን ይህ ተራ መሐላ አይደለም። የጎረቤቴ ውሻ እንደዚያ ተጣብቆ እስከ ፋሲካ ቆሞ ከርሟል፤ ቁርስና እራቱን እያመላለስኩ ያበላሁት እኔው ነኝ።

መርል ቶፍቴ እባላለሁ። ሐይቁ ዳር ያለው መጠጥ ቤት የእኔ ነው። አርብ አርብ የምጠብሰው ዓሣ ሦስት ግዛት አቋርጦ ሰው ያመጣል፤ አንድ ጊዜ አንድ ጳጳስ ቀምሰውት አልቅሰዋል። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ዓሣ አይደለም። ስቡ ውስጥ የተቀበረን ሰው ቆፍሮ ስለማውጣት ነው። ሐኪም ያቃተውን፣ ቄስ ያቃተውን እኔ በአንድ ቅዳሜ ቀን አድርጌዋለሁ።

በመጠጥ ቤቱ ጓሮ ትልቅ ሚዛን ተሰቅሏል። በዚያን ጊዜ በሕጉ መሠረት አጋዘን የገደለ ሁሉ ሬሳውን ወደ ተፈቀደለት ቤት አምጥቶ ያስመዘግብ ነበር፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ የተፈቀደለት ቤት የእኔ ነው። በመዘውር ሽቅብ እንስበዋለን፣ መርፌው ይረጋል፣ እኔ ቁጥሩን እጮሃለሁ፣ ከዚያ ቁጥር የተቀረጸበትን የብረት ምልክት ጆሮው ላይ እሰካለሁ። ሰሌዳው ላይም በጠመኔ የአዳኙን ስምና ክብደቱን፣ ከጎኑም «ሆድ ዕቃው የወጣ» ወይም «ያልወጣ» ብዬ እጽፋለሁ። አንጀቱን ሳያወጡ አስመዝኖ ሪከርድ ሰበርኩ ማለት የአገራችን አንጋፋ ሌብነት ነውና። ያ ሚዛን ዘጠኝ መቶ ፓውንድ የሚመዝን አጋዘን ተሸክሞ ወገቤን አላለም።

አሁን ወደ ቨርሊን ጉስታድ ልምጣ። ቨርሊን የመንደራችን የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም በፈቃዱ ነው የሚሠራው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥሩንባው በጮኸ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ መኪናዋ የምትቆምበት መጋዘን ጋ የሚደርሰው እሱ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ እሑድ እሑድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሱ መኪናዋን ያጥባል። ውፍረቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወደ ቤቴ ሲገባ በሩ ትንፋሹን ሰብስቦ ነበር የሚያሳልፈው። ወንበሮቼ ሲያዩት ወደ ግድግዳው ይሸሹ ነበር።

በጥቅምት አንድ አርብ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ የእሳት አደጋው አለቃ ሃርላን ብርጭቆውን በሹካ አንኳኳ።

«ስሙኝማ! የሚያዝያ መጀመሪያ ቅዳሜ ፈተና አለ። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የአየር ሲሊንደሩን አዝሎ፣ መቶ ስድሳ አምስት ፓውንድ የሚመዝን በአሸዋ የተሞላ የሰው አምሳል ከመጋዘኑ ጫፍ እስከ ጫፍ መጎተት ያልቻለ የመኪናዋን ቁልፍ ያስረክባል። ማንም ይሁን ማን።»

ሰው ሁሉ ወደ ቨርሊን ዞረ። ሦስተኛ ሰሃኑ ላይ ነበር። ሹካውን አስቀመጠ።

«ምነው፣ እኔን ነው እንዴ የምታዩት?» አለ።

«ኧረ እኛስ ከኋላህ ያለውን ሰውዬ ነበር» አልኩት። «ግን ከልለኸው አልታይ አለን።»

ሳቁ ጣሪያውን አንድ ክንድ አነሳው። ቨርሊን ኮቱን አንስቶ ወጣ። በሩም እንደ ልማዱ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ኅዳር በገባ፣ ማክሰኞ ጠዋት ገና ሳልከፍት፣ በጓሮ በኩል አንኳኳ።

«መርል፣ ላስቸግርህ ነበር።»

«ወጥ ቤቱ አልተከፈተም ወንድሜ።»

«የምግብ ነገር አይደለም። ያ ሚዛን…» ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ከሐይቁ በቀር የሚሰማ አልነበረም። «የቤቴ ሚዛን ሦስት መቶ ሠላሳ ሲደርስ ይዘጋል። ስንት እንደሆንኩ አላውቅም። ቁጥሩን አንድ ጊዜ ባይ እበረታለሁ። ያቺን መኪና መልቀቅ አልችልም፣ መርል። ሌላ ምን አለኝ?»

«ታዲያ ምን ችግር አለው!»

«ሰው እንዳያይ ብቻ። እባክህ።»

እዚህ ላይ ነው ብልሃቴ ብልጭ ያለልኝ። በብርዳም ጠዋት ትራክተር በልመና ተነስቶ ያውቃል? በእርግጫ ነው። ሰውም እንደዚያው ነው። እልህ ያልገባው ወፍራም ከሶፋ አይነሳም።

«ዛሬ መዘውሩ ቅባት ይፈልጋል» አልኩት። «ቅዳሜ ልክ እኩለ ቀን ላይ ና።»

«ቅዳሜ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቀን አይደለም እንዴ?»

«ለዚያ እኮ ነው! ጠመንጃ ያለው ሁሉ ጫካ ነው የሚውለው። እዚህ ማን ሊኖር? እኔና አንተ፣ ሦስተኛ ሐይቁ።»

አመነኝ። እዚህ አገር የተወለደ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፦ በመክፈቻው ቀን እኩለ ቀን ሲሆን አዳኝ ሁሉ የጠዋቱን ግዳይ ጭኖ ሾርባ ፍለጋ ወደ እኔ ቤት ይጎርፋል። ቨርሊን ግን አድኖ አያውቅም። በዚያ ቀን አንድ ሰው ቢቆስል ብሎ መጋዘኑ ውስጥ ከመኪናዋ ጋር ነበር የሚውለው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ስለዚህ ከምን ያውቀው!

ቅዳሜ መጣ። ከዋናው በር ሳይሆን በሐይቁ በኩል፣ አንገቱን ቀብሮ። የመዘውሩን ጠፍር በብብቱና በጭኑ ሥር አሳልፌ አሰርኩት። እግሩ ከመሬት ሲለቅ አውቶሞቢል የማነሳ መሰለኝ። በዚያች ቅጽበት የጓሮውን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አራት መቶ አዳኝ ብርቱካናማ ጃኬቱን ለብሶ፣ የሾርባ ሳህኑን ይዞ እየተጋፋ ወጣ። አራት መቶ! ከመካከላቸው ሃርላንም ነበር።

«ማን ነው የገደለው?» ሲል አንዱ ጮኸ።

«ማንም አልገደለውም፣ ዓሣ ጥብስ ነው የጣለው!» አልኩ።

«ቀንዱ የታል?»

«ውጦት ነው!» አለ ሌላው።

መርፌው ተንቀጥቅጦ ረጋ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ማዶ ያለው መንደር እስኪሰማ፣ «አራት መቶ አሥራ ሁለት!» አልኩ። ሁለት ኩንታል ሊሞላ አንድ ምሳ የቀረው ማለት ነው። ከዚያ እንደ ሕጉ የብረት ምልክቱን አውጥቼ የጃኬቱ ኮሌታ ላይ፣ ጆሮው ሥር፣ ጠቅ አድርጌ ሰካሁለት። ሰሌዳው ላይም ከሁለት ኮርማ አጋዘኖች መካከል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቨርሊን ጉስታድ። 412። ሆድ ዕቃው ያልወጣ።»

እንዴት ያለ ሳቅ ነበር እናንተ! አንዱ ሾርባውን በአፍንጫው አወጣው። ሌላው መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ጠመንጃው ሳይባርቅበት መቅረቱ ተአምር ነው። ወጥ ቤት የምትሠራልኝ ናዲን፣ የቨርሊን ታላቅ እህት፣ በሩ ላይ ዱቄት በዱቄት የሆነ እጇን አንጠልጥላ ቆማለች፤ ናዲን ስትፈጠርም ሳቅ የማያውቃት ሴት ናት። ቨርሊን ራሱ ግን እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ እየተሽከረከረ ይስቅ ነበር። ከጫጫታው ድምፁ ባይሰማም አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ሰው በራሱ መሳቅ ሲጀምር ነው የሚድነው። ስለዚህ ትንሽ ቆየት ብለን አወረድነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መላው አውራጃ ይመሰክራል። እልህ ገባው! በማግስቱ ሐይቁን ዞረ። አሥራ ሁለት ማይል ነው፤ እሱ ግን ከቁርስ በፊት ሁለት ጊዜ ዞረው። ሐይቁ በረዶ ሲሆን የትራክተር ጎማ ወገቡ ላይ አስሮ በረዶው ላይ ይጎትት ጀመር። ከሥር ያሉት ዓሣዎች የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏቸው ወደ ካናዳ ተሰደዱ። አርብ አርብ ብቅ ይልና ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ እኔም ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፦ 390፣ 361፣ 318። የካቲት ላይ በሩ ሲያስገባው ትንፋሹን መሰብሰብ አቆመ። መጋቢት ላይ ሱሪውን ሰጥቶኝ ለጀልባዬ ሸራ አደረግሁት።

ሚያዝያ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ የፈተናው ቀን፣ የአሸዋውን ሰው አልጎተተም። አንስቶ ትከሻው ላይ አጋደመው። በሌላው ትከሻው ሃርላንን ተሸከመ። ሁለቱን ይዞ መጋዘኑን ሦስት ጊዜ ዞረና ሃርላንን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ በሰው መሐል ወደ እኔ መጥቶ እጄን ያዘ።

«መርል፣ ያን ቀን ባታንጠለጥለኝ ኖሮ ዛሬ የለሁም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ትንሽ አፈርኩ፤ ምክንያቱም ከሰውነቴ ትሕትና የሚባል ነገር ሞልቶ ፈሰሰ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ፣ የዘመድ ምስክርነት ቢጨመርበት ጥሩ ነው ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁና ለናዲን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ዓሣ እየበለተች ነበር። ሳበቃ ቢላዋን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እየሳቀ አልነበረም» አለች፣ ቀስ ብላ። «አውርዱኝ ነበር የሚለው። ሦስት ጊዜ።»

«ከወጥ ቤት ሆነሽ እንዴት ሰማሽው?»

«በሩ ላይ ነበርኩ፣ አንተው ጽፈኸዋል።» ከዓሣው ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ሦስተኛ ሰሃን ያልከውም ጎመን ነው። እኔ ነኝ ያቀረብኩለት። የጀመረው እኮ ነሐሴ ላይ ነው፣ ሃርላን ምንም ሳይል። ጠዋት ጠዋት አጥሬን ይዞ ይዞራል፤ እኔም አብሬው። ያኔ በእህል መጋዘኑ ሚዛን አራት መቶ አርባ ነበር። አጨዳው አልቆ መጋዘኑ ስለተዘጋ ነው ወደ አንተ የመጣው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ብለህ ስትጮህ ፊቱን አየሁት። ያ ሁሉ ሰው እያየው እንኳ ደስ ብሎት ነበር። ሃያ ስምንት ፓውንድ ወርዷል። ዞሮ እኔን ፈለገኝ። ከዚያ ነው ብረቱን የሰካህበት።»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«የሚያዝያውስ?»

«ሚያዝያ ላይ እሱ የለም። ቁልፉን ለሃርላን የሰጠው ያን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንተ ነህ የጻፍካቸው፤ እሱ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ቤት አልመጣም።»

«አሁንስ ስንት ይሆናል?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች፣ ቢላዋን መልሳ እያነሳች። «በሩን አይከፍትልኝም። ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጬለት ነው የምመለሰው።»