የኑማ እጅ

የትምህርት ቤቱ ባንድ መሪ ሚስተር ቫልኮር ሕጉን የተናገረው ለልጆቹ ሳይሆን ለእኛ ለወላጆች ነው፣ ሰልፉን ከኋላ በሚከተለው አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ። «ልጅ ከደከመው ራሱ ከሰልፍ ወጥቶ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል። ወላጅ ልጁን ከነካ ግን ያ ልጅ በቃው፣ ወጥቷል። እናቱ ነኝ፣ አባቱ ነኝ የሚባል ነገር አይሠራም።» ይህን ሲል ዓይኑን ከኑማ ላይ አልነቀለም። ኑማ ከልጁ ላይ እጁን መሰብሰብ እንደማይችል የማያውቅ የለማ።

የኑማ ልጅ ኦዴት እስከ ገና ድረስ ክላርኔት ነበር የምትነፋው። ከገና በኋላ ግን ሱዛፎን ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። ሱዛፎን ማለት ያ ሰውነት ላይ ተጠምጥሞ ግራ ትከሻ ላይ የሚያርፈው፣ አፉ ከራስ በላይ እንደ ትልቅ ገበቴ የሚከፈተው የነሐስ መሣሪያ ነው። የጎረምሳ ወገብ ያጎብጣል። በእኛ ትምህርት ቤት ሴት ልጅ ተሸክማው አታውቅም። ቫልኮር መጀመሪያ ሳቀ፤ እንደማትለቀው ሲያይ ግን ቁርጡን ነገራት፤ «የማርዲ ግራን፣ የካርኒቫሉን ሰልፍ እየነፋሽ ከጨረስሽ መሣሪያው ያንቺ ነው። አውቶቡስ ከገባሽ ወደ ክላርኔትሽ። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።»

እኔና ኑማ የሰልፉ ግራ ጎን ደረሰን። ሥራችን ሕዝቡ ልጆቹ ላይ እንዳይገባ መከልከልና ባንዱ ቆም ሲል ውሃ ማጠጣት ነው። ውሃውንም ቢሆን ሳንነካቸው ከርቀት አፋቸው ውስጥ እንረጫለን። ሴንት ቻርልስ ጎዳና ላይ ሰዉ መሰላሉን ደርድሮ፣ ልጁን ጫፍ ላይ ሰቅሎ፣ የተጠበሰ ዶሮውን እየበላ ይጮሃል።

«ኧረ ልጅት!» አለ አንዱ ከመሰላል ላይ። «አንቺ ነሽ የተሸከምሽው ወይስ እሱ ነው የተሸከመሽ?»

ሰዉ አውካካ። ኦዴት መንፋቷን ሳታቆም ቅንድቧን ብቻ ሰቅላ አለፈችው።

ኑማ ግን ሳቁ አልታየውም። ኦዴት መሣሪያው ሥር ትከሻዋ ላይ ያደረገችው ፎጣ ተንሸራቶ ነጭ ኮቷ ቀልቷል።

«ቨርኔል፣ ደም እኮ ነው!»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም?»

«የኔ ልጅ ትሮምቦን ሲነፋ ከንፈሩ ተተርትሮ የለም? ሳለቅስ አየኸኝ? ውሃህን ያዝና ተራመድ!»

ተራመደ። እጁ ግን አላረፈችም፤ ወደ እሷ ትዘረጋለች፣ ትመለሳለች። የውስጤን ልናገርና እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን እኔ ካለቀስኩ እሱን ማን ይይዘዋል?

መንገዳችን ላይ ያለው ድልድይ አጠገብ ስንደርስ አንድ ሰካራም ሙሉ እቅፍ የጨሌ ሐብል ወረወረ። የሱዛፎን አፍ ውስጥ ጨሌ መክተት የከተማችን ሰው የዓመት ጨዋታ ነው፤ አንድ ሁለት ሐብል ቢገባ ማንም ልብ አይለውም። ይሄ ግን እቅፉ እንዳለ የኦዴት መሣሪያ ውስጥ ገባ። ድምጿ እዚያው ታፈነ። ጉንጯ ይነፋል፣ ጣቷ ይሠራል፣ የሚወጣው ግን ፍሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው።

ቫልኮር ጆሮው አይሳሳትም። ከፊት ጀምሮ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ መጣና ከእሷ ረድፍ ፊት ለፊት ቆመ።

«ኦዴት፣ ድምፅሽ አይሰማም! ደክሞሽ ከሆነ አውቶቡሱ ከኋላ ነው!»

ጭንቅላቷን በእምቢታ ነቀነቀች። ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ነበር። ኑማ አጠገቤ ሆኖ «ልትወድቅብኝ ነው፣ ቨርኔል፣ ልጄ ልትወድቅብኝ ነው» ይላል።

በዚህ መሃል ኦዴት ጉልበቷን አጥፋ ወደ ፊት ተደፋች።

የኑማን ቀበቶ ልይዝ ተወረወርኩ፤ ጨርቁን ብቻ ነካሁት። ኑማ ሰልፉን ሰንጥቆ ገብቶ በሁለት እጁ ብብቷ ሥር ያዛት። ያን ጊዜ ከመሣሪያው አፍ ጨሌው ተዘረገፈ፤ አረንጓዴው፣ ወርቃማው፣ ሐምራዊው አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ልጅቷ ጎንበስ እንዳለች እግሯ ምቱን አልሳተም ነበር። አባቷ እንደያዛት ነፋች፤ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተሰማኝ።

ከዚያ አፏን አላቀቀች። «አባዬ፣ ልቀቀኝ! እየወደቅኩ አይደለም፣ ላራግፈው ብዬ ነው!»

ለቀቃት። ቫልኮር ግን አይቷል።

ሽማግሌው ፊቱ ጠቆረ። «ጥሩ ነፋሽ» አላት፣ ከልቡ ነው። ከዚያ በጣቱ አውቶቡሱን አሳያት።

«ሚስተር ቫልኮር፣ በፈጠረዎት!» አለ ኑማ። «ጥፋቱ የኔ ነው! እኔን ያባሩኝ!»

«ዛሬ ላንተ ልጅ እሺ ካልኩ ነገ ለማን እምቢ ልል ነው?»

ሁለቱንም በጥፊ ባጮላቸው ደስ ይለኝ ነበር። አንዱ በሕጉ፣ ሌላው በፍቅሩ፣ መሃል ላይ ልጅቷን በሏት።

ኦዴት አልተከራከረችም። ኑማ መሣሪያውን ሊያወርድላት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አለች።

«አሁን ደግሞ አትንካኝ» አለችው፣ ቀስ ብላ።

እንደተሸከመችው ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ኑማ ሊከተላት ሲል ቫልኮር አስቆመው፤ «ወዴት ነው? የቀሩትን ልጆች ማን ሊጠብቃቸው?»

በእኛ ባንድ የወጣ ልጅ ቦታ አይሞላም፤ ረድፉ እንደጎደለ ይሄዳል። ኑማም የቀረውን መንገድ በሙሉ ከዚያ ክፍት ቦታ ጎን ተራመደ። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። አንድ ጎረምሳ መንገዱን ሊያቋርጥ በክፍተቱ ሊሾልክ ሲል ግን ኑማ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ከለከለው።

«ሰልፍ ነው» አለው። «እዚህ ሰው አለ።»