ሆን ተብሎ የተሰፋ ትዕግሥት

ወጣቱ ሰባኪ «ስታልፉ ለልጆቻችሁ የምትተዉላቸው ቤት ነው ወይስ እምነት?» ብሎ ከጠየቀ ወዲህ፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ቤታቸው የኪራይ ነው፤ የቀረው እምነት ብቻ ነበር።

ወራሿንም ያውቋታል። እናቷ ሥራ ስትውል ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም የምትውለው የልጅ ልጃቸው ናት። ያየችውን ሰው ሁሉ አነጋገሩንና አኳኋኑን እንደ ቴፕ ቀድታ ስለምታሳይ ቤተሰቡ «ቴፕ» ይላታል።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምረው ሆን ብለው በቅድስና ለመኖር ቆረጡ። ቴፕ በገባች ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ጮክ ብለው ይጸልያሉ። ጨፍኖ መስፋት ግን አልሆነላቸውምና የአንድ ደንበኛን ሱሪ ሁለት እግሮች አንድ ላይ ሰፏቸው። ደንበኛው ሲጮኽባቸው፣ ትዕግሥታቸው ለልጅቷ በደንብ እንዲታይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ፈገግ አሉ። ሰውየው የተሾፈበት መስሎት ይብስ ጮኸ። ቴፕ ጀርባዋን ሰጥታ የሸሚዝ ቁልፍ በየቀለሙ ትለይ ነበር።

እውነተኛው ጠባያቸው ሌላ ነው። ክር ሲበጠስባቸው ሰማይ ምድሩ ይዞርባቸዋል፤ መጀመሪያ የስፌት መኪናዋን፣ ቀጥሎ «ምን ሆንክ?» ያሏቸውን ሚስታቸውን ይቆጣሉ።

እሑድ ሰባኪው ምሳ ተጋብዞ መጣ። ከማዕዱ በኋላ የቴፕ እናት፣ ምራታቸው፣ ልጅቷን «እስቲ አባባን አሳዪን» አለቻት። ልብስ ሰፊው መዝሙር ብትዘምር ይሻላል ቢሉም የሰማቸው አልነበረም።

ቴፕ የአያቷን መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ ወንበር ላይ ተሰየመች። ወለሉን በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገች። የሌለ ክር ተበጠሰ።

«አንቺ ደንቆሮ ብረት፣ ዛሬ አውጥቼ ካልጣልኩሽ» አለች። ወደ ሴት አያቷ ዞራም «ደግሞ አንቺን ምን ያስገላምጥሻል?» ብላ ጨመረች።

ሰባኪው ሳቁን በመሐረብ አፈነ። ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ይኸው ውርሴ፣ አሉ በልባቸው፤ ስድብ።

ቴፕ ግን አልጨረሰችም። መነጽሯን አውልቃ፣ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ትንሽ አንሾካሾከች። ከዚያ እግሯን እየጎተተች ሄዳ ሴት አያቷ ፊት ጎንበስ አለች።

«ዛሬም አፌ ቀደመኝ። እግዜርን ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ፤ አንቺም ይቅር በይኝ።»

ልብስ ሰፊው ሚስታቸውን ይቅርታ የሚጠይቁት ሁልጊዜ የወጥ ቤቱን በር ዘግተው ነበርና ያየኝ የለም ብለው ኖረዋል። ሰባኪው ማን እንዳስተማራት ጠየቀ።

«ማንም። አባባ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔም እማዬን ሳስቀይማት እንዲሁ ነው።»

«ለካ ከዚህ ነው ያመጣሽው» አለች ምራታቸው ቀስ ብላ።

ሴት አያቷ ግን ቶሎ ይቅር ማለት ልማዳቸው አይደለም። ፊታቸውን ወደ ኮርኒሱ አዞሩ። ቴፕም ሥራዋን ታውቃለችና እንዳጎነበሰች ጠበቀች። ሰባኪው አማለደ፣ ምራቲቱ ለመነች፤ በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ራሳቸው ተነሥተው ከልጅቷ ጎን አጎነበሱ።

«በቃ፣ ሁለታችሁንም ይቅር ብያለሁ» አሉ ሚስታቸው እየሳቁ። «ወገባችሁ ሳይቆረጥ ተነሡ።»

ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ቴፕ መነጽሩን መልሳ ሰክታ ወደ ወንበሯ ሮጠች። «አላለቀም እንዴ?» ቢሏት ገረማት።

«ገና ነው፤ ክሩ እኮ ከሰዓትም ይበጠሳል።»