ሚራ ለልጇ ያልነገረቻት

ባለፈው ግንቦት የከተማችን ከንቲባ ቦዤና ቤቴ መጣች። በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ የከተማዋን ታዋቂ ተወላጆች ስም ልታስጽፍ ነው።

"ብስክሌተኛው አለን፤ የኦፔራ ዘፋኟ አለችን፤ ጳጳሱም አሉ" አለችኝ። "የሳይንስ ሰው ነው የጎደለን። ዶክተር ሌሼክ፣ እዚህ አገር እርስዎ ያላከሙት ሰው የለም፤ ያውቃሉ ብዬ ነው።"

"ሚራ ዚልበርት" አልኳት፣ ቆም ብዬ እንኳ ሳላስብ።

ሚራ የልብስ ሰፊው የዚልበርት ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተምረናል፤ ሕክምና ልናጠናም በአንድ ባቡር ተሳፍረን ወደ ትልቁ ከተማ ሄድን። ጎበዟ እሷ ነበረች፤ እኔ የእሷን ደብተር እየገለበጥኩ ነው ያለፍኩት።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968፣ በመጋቢት፣ መንግሥት እንደ ሚራ ባሉ አይሁዶች ላይ ዘመቻ ሲከፍት የክፍላችንን ተማሪዎች ሰበሰቡን። ሰብሳቢው "ዚልበርት ትባረር የምትሉ እጃችሁን አውጡ" አለ። እጆች መውጣት ጀመሩ። ሚራ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ እጄን ያወጣሁት እሷ ካየችኝ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ከአባቷ ጋር ወደ ስዊድን ተሰደደች። ባቡር ጣቢያ እንኳ ሄጄ አልሸኘኋትም። እዚያ የዓይን ሐኪም ሆነች፤ እሷ ባገኘችው የሕክምና ዘዴ ስንቱ ሰው ዓይኑ እንደበራለት መጽሔት ላይ አነበብኩ። ስንት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ እንደቀደድኩ አላውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት ሞተች።

ለግድግዳው ምርቃት ልጇ ኤስተር መጣች። ቦዤና ዋዜማውን እኔ ዘንድ ይዛት ስትመጣ ኬክ ቆርሼ፣ ሻይ ቀዳሁላቸው።

"እናቴ ስለ እርስዎ ማውራት ትወድ ነበር" አለች ኤስተር። "ወንዝ ሊወስድዎ ሲል በፀጉርዎ ጎትታ አውጥታዎታለች አሉ።"

"ፀጉር በነበረኝ ዘመን ነው" አልኳት። ሦስታችንም ሳቅን።

"ስለዚያ ስብሰባም ነግራናለች። ክፍሉ በሙሉ እጁን ሲያወጣ እርስዎ ታመው ተኝተው ነበር። 'ሌሼክ ቢኖር አያደርገውም ነበር' ትል ነበር ሁልጊዜ።"

ዝም ብል የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም።

"አልታመምኩም" አልኳት። "እዚያው ነበርኩ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።"

ኤስተር ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ለምን ዋሸችን?"

"እንጃ፣ ልጄ። ከዚህ አገር አንድ ወዳጅ እንኳ ቀርቶኛል ለማለት ይሆናል።"

"እርስዎስ አሁን ለምን ይነግሩኛል?"



በማግስቱ በምርቃቱ ላይ ስለ እናቷ ጥሩ ንግግር አደረገች። እኔ ወደቆምኩበት ግን አንዴም ዞር አላለችም፤ በቀትሩ ባቡር ሄደች። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላት፤ አልመለሰችልኝም። አልፈርድባትም። ያንን ቃል መስማት የነበረባት ሚራ ነበረች፤ እኔ ግን እሷ በሕይወት ሳለች አፌን ዘግቼ ኖሬ፣ ምንም ባላጠፋች ልጇ ላይ ጣልኩት።

ቦዤና አሁንም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች። ስለ ደም ግፊቷ ማማከሩን ግን ትታለች።